አንድ ነፃ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት መተግበሪያ፦ «ኢንስቲትዩሽናል» በሚለው ቃል ሲመዘን

ለትርጉም ሥራ በስልኬ ላይ የጫንኩት ይህ መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ፈጥኖ ይከፈታል፣ የአማርኛ አጻጻፉም ንጹሕ ነው። ለዕቃ፣ ለእንስሳትና ለዕፅዋት ስሞች የሚሰጣቸው ፍቺዎች ያስመሰግኑታል። ቅር የሚያሰኘው ረቂቅ ቅጽሎች ላይ ሲደረስ ነው፤ «ኢንስቲትዩሽናል» የሚለውን «ተቋማዊ» ብሎ ብቻ ያልፈዋል፣ አንድም ምሳሌ ዓረፍተ ነገር አልጨመረበትም።

ፍቺው ስሕተት አይደለም፤ ሆኖም ይህ ቅጽል ከሚገልጸው ስም ጋር ተጣምሮ ካልታየ ምን ለማለት እንደተፈለገ አይለይም። በአገራችን የጤና ሪፖርቶች የተለመደውን «ኢንስቲትዩሽናል ዴሊቨሪ» እንውሰድ። እዚህ ላይ ቃሉ የሚናገረው ስለ ቦታ ነው፤ እናት በቤቷ ሳይሆን በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል መውለዷን ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት 26 በመቶው በጤና ተቋም መወለዳቸውን አሳይቷል። ይህን ሐሳብ መተግበሪያውን ተከትሎ «ተቋማዊ ወሊድ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «በጤና ተቋም ውለዱ» እያለች ቤት ለቤት የምታስረዳውን ግልጽ ነገር ያደበዝዘዋል።

«ኢንስቲትዩሽናል ሬሲዝም» ሲባል ግን የቦታ ነገር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን ውስጥ የተገደለውን ጥቁር ወጣት የስቴፈን ሎውረንስን ጉዳይ የመረመረው የማክፈርሰን ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1999 የከተማዋን ፖሊስ በዚህ ቃል ሲወቅስ፣ ጥፋቱ በመሥሪያ ቤቱ አሠራር፣ አመለካከትና ልማድ ውስጥ የሰረጸ መሆኑን መናገሩ እንጂ እያንዳንዱ ፖሊስ ዘረኛ ነው ማለቱ አልነበረም። «ተቋማዊ ዘረኝነት» እዚህ ቦታውን ያገኛል፤ ነገር ግን አንድ መስመር ማብራሪያ ከሌለው አንባቢው ሪፖርቱ ያላለውን ሊረዳ ይችላል።

«ኢንስቲትዩሽናል ኢንቬስተር» ቀላል ነው፤ የጡረታ ፈንድን፣ ኢንሹራንስን የመሰለ ባለሀብት ድርጅት ነው። ስለ ምግብ ሲነገር ደግሞ ቃሉ ወቀሳ ይሆናል፤ በጅምላ የተበሰለ፣ ጣዕም የለሽ ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «የካፌ ምግብ» ሲል ሁሉም ይገባዋል፤ «ተቋማዊ ምግብ» ቢባል ግን ወቀሳው ይጠፋል።

ለተማሪ ንባብ መተግበሪያውን ያለማመንታት እመክራለሁ። ተርጓሚና ጋዜጠኛ ግን ምሳሌ ዓረፍተ ነገሮች ያሉት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አብረው ይያዙ፤ አዘጋጆቹም በሚቀጥለው ዝማኔ ለእንዲህ ያሉ ቅጽሎች ቢያንስ ሦስት አራት የተለመዱ ጥምረቶችን ከነፍቻቸው ቢጨምሩ ሥራቸው ይሟላል።