አዲስ የኦፕሬቲንግ ሲስተም አገልግሎት ኮምፒውተር ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው? ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ላለፉት በርካታ ወራት የዕለት ሥራዬን የምሠራው «ኮፓይለት ፕላስ ፒሲ» ተብለው ከሚሸጡት ላፕቶፖች በአንዱ ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ስያሜ በ2024 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቅ ቢያንስ 16 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ማከማቻ እና በሰከንድ 40 ትሪሊዮንና ከዚያ በላይ ስሌት የሚሠራ ኤንፒዩ የተባለ የኤአይ ማቀነባበሪያ እንዲኖር ግድ ብሏል። የእኔው ከኢንቴል በተለየ አርም በተባለ ንድፍ የተሠራ ስናፕድራገን ኤክስ ኢሊት ፕሮሰሰር አለው።

ከዚያ በፊት የምጠቀምበት ላፕቶፕ ሰባተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ነበር። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅና ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ስለሆነ፣ ያ ላፕቶፕ ገና በደንብ እየሠራ ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። ያኔ አልቀየርኩትም። ዊንዶውስ 10 የደህንነት ማሻሻያ እያገኘ ስለነበር፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ኤስኤስዲ ካስገባሁለት በኋላ ለጽሑፍ፣ ለኤክሴልና ለብራውዘር ምንም አልጎደለውም።

አሁን አዲሶቹ አገልግሎቶች በእጄ ካሉ በኋላ ምን ያህል እንደምጠቀምባቸው በቅርብ ስከታተል ቆይቻለሁ። የኮምፒውተሩን ሥራ በሚያሳየው የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ የኤንፒዩን አጠቃቀም የሚያሳይ ግራፍ አለ፤ ሰነድ ስጽፍ፣ ኢሜይል ስመልስ፣ ብዙ ታብ ከፍቼ ሳነብ መስመሩ ዜሮ ላይ ተኝቶ ይውላል። ከፍ የሚለው በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ከጀርባዬ ያለውን እይታ ሳደበዝዝ ነው። በሌላ ቋንቋ የሚነገረውን እዚያው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በጽሑፍ የሚያሳየው ላይቭ ካፕሽንስ ግን ከልብ የምወደው ሆኗል፤ በተለይ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ትልቅ ነገር ነው። በስክሪን ላይ የሚታየውን በየጊዜው በምስል እየቀረጸ የሚያስቀምጠውን ሪኮልን ግን አላበራሁትም። የደህንነት ባለሙያዎች ካነሡት ተቃውሞ በኋላ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ መረጃው አሁን የሚመሰጠርና ተጠቃሚው ራሱ ካልፈቀደ በስተቀር የማይሠራ ቢሆንም፣ የሌሎች ሰዎች ምስጢር በሚያልፍበት ስክሪን ላይ እንዲህ ያለ መዝገብ እንዲከማች አልፈልግም።

ሥራዬን በእውነት የለወጡት ባትሪው፣ ክዳኑ ሲከፈት ወዲያው መንቃቱና ድምፅ አለማሰማቱ ናቸው። እነዚህ የመጡት ከፕሮሰሰሩ እንጂ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አዲስ አገልግሎቶች አይደለም፤ ስለዚህም በማስታወቂያ ላይ ከተዘረዘሩት ባሕርያት ይልቅ ሃርድዌሩን መመዘን ይበልጥ ይጠቅማል እላለሁ።

በሌላ በኩል የአርም ፕሮሰሰር የራሱ ጣጣ አለው። ለኢንቴል የተሠሩ ፕሮግራሞች ፕሪዝም በተባለው ኢሙሌተር አማካኝነት ስለሚሠሩ አብዛኞቹ አላስቸገሩኝም፤ ኮምፒውተሩን እንደ ፕሪንተር ካሉ መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር የተባለ ፕሮግራም ግን በዚህ መንገድ አይሠራም፣ ለአርም ተብሎ የተዘጋጀ መሆን አለበት። አምራቹ ይህን ስላላዘጋጀ አሮጌው ስካነሬ ከአዲሱ ላፕቶፕ ጋር ሊሠራ አልቻለም።

የመቀየሪያውን ጊዜ ሊወስን የሚገባው የደህንነት ማሻሻያው የሚያበቃበት ቀን ነው። ለዊንዶውስ 10 ይህ ቀን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነበር፤ ለግል ተጠቃሚዎች የቀረበው የተራዘመ ማሻሻያ ደግሞ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ጨምሯል። ማሻሻያ በማያገኝ ሲስተም የባንክ ሂሳብ ማንቀሳቀስ ወይም የደንበኛ ሰነድ መያዝ፣ ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ተገቢ አይመስለኝም። ሲስተሙ ገና ማሻሻያ እያገኘ ከሆነና ኮምፒውተሩ ሥራውን ከቻለ ግን፣ አዲስ አገልግሎት መጣ ተብሎ ብቻ እንዲቀየር አልመክርም። በየቀኑ የምትጠቀሙበት ሥራ በቀጥታ የሚጠይቀው ከሆነ፣ ለምሳሌ በማታውቁት ቋንቋ የሚካሄድ ስብሰባ የምትከታተሉ ከሆነ፣ ያኔ ለላይቭ ካፕሽንስ ብቻ እንኳ መቀየሩ ያዋጣል፤ የምትገዙት የአርም ፕሮሰሰር ያለው ከሆነ ግን አስቀድማችሁ የፕሪንተራችሁና የስካነራችሁ አምራች ለአርም የሚሆን ድራይቨር ማውጣቱን አረጋግጡ።