በብርድ ወራት በስፔን ጠረፍ፦ ሜዳ ላይ ማደር ወይስ ካምፒንግ?

ሰሜን አውሮፓ በብርድ ሲቆራመድ ብዙ ጡረተኞች ሞተርሆማቸውን (አልጋና ማብሰያ ያለውን የመኖሪያ መኪና) እየነዱ ወደ ስፔን ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ይወርዳሉ። ጥያቄው የት ይታደር የሚለው ነው፦ ሜዳ ላይ በነጻ ወይስ ካምፒንግ በሚባለው የሚከፈልበት ማደሪያ?

በአልሜሪያ አውራጃ በካቦ ዴ ጋታ ዳርቻ ማደር ልብ ያማልላል፤ ጠዋት በሩ ሲከፈት ከፊት ያለው ባሕር ብቻ ነው፣ ኪራይም የለም። ነገር ግን አካባቢው ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተፈጥሮ ፓርክ ስለሆነ እንደልብ ካምፕ ማድረግ ክልክል ነው። በስፔን የትራፊክ መመሪያ ጎማው ብቻ መሬት የነካ መኪና «ቆሟል» ይባላል፤ ዳስ ከዘረጋ፣ ወንበር ካወጣ ወይም ቆሻሻ ውሃ ካፈሰሰ ግን ካምፕ አድርጓል ማለት ነው፤ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ቀኑ አጭር ስለሆነ የጣሪያው ሶላር ባትሪውን እንደ በጋው አይሞላም። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ከወረደ ደግሞ ማሞቂያው የሚያነደው ቡቴን ጋዝ መትነን ስለሚያቅተው ማሞቂያው ይጠፋል፤ በብርድም የሚተነውን ፕሮፔን ጋዝ መያዝ ይሻላል።

በዚያው ጠረፍ ባለችው በቤኒዶርም ከተማ ያሉ ካምፒንጎች ግን መብራት፣ ሙቅ ሻወርና የመጸዳጃ ቆሻሻ መድፊያ አላቸው። ጎረቤት ጥግ ለጥግ መሆኑ ግን ይከብዳል።

እኔ ለረጅም ቆይታ ካምፒንጉን እመርጣለሁ። የመኪናቸውን የመጸዳጃ ሳጥን አሸዋ ላይ የሚደፉ ሰዎች ያን ውብ ዳርቻ ሲያበላሹት ማየት ያሳዝነኛል። ጸጥታ የሚፈልግ ማዘጋጃ ቤቶች ለሞተርሆም ያዘጋጇቸውን ማቆሚያዎች ይሞክር።