ለቅዳሜ ማታ የገዛናት ትንሿ ፕሮጀክተር

ቤታችን ቴሌቪዥን አለ። ደህና ቴሌቪዥን ነው፣ ምንም አልጎደለውም። ታዲያ ፕሮጀክተር ለምን አስፈለገ? ባለቤቴም መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ በርቶ ስለሚውል ማንም ለእሱ ብሎ አይቀመጥም። ትልቁ ልጄ በአንድ ዓይኑ ቴሌቪዥን፣ በሌላው ታብሌት ያያል። ትንሿ እየዘለለች ታልፋለች። እኔና እናታቸው ስልክ ላይ ነን። እኔ የፈለግሁት አራታችንም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረን የምንቀመጥበት ሰበብ ነው።

ለአዲሱ ዓመት ካወጣኋቸው ዕቅዶች አንዱ ቅዳሜ ማታን ለልጆቼ መስጠት ነበር። የስብዕና ግንባታ መጻሕፍት አነባለሁ፣ ሥልጠና ሲኖርም አልቀርም። ከዚያ ሁሉ ያተረፍኩት ትልቁ ነገር ዕቅድ ቀንና ሰዓት ካልተቆረጠለት ወረቀት ላይ እንደሚቀር ነው። «ጥሩ አባት እሆናለሁ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ግን ማክሰኞ ጠዋት በዚህ ዕቅድ ምን ይደረጋል? «ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ከልጆቼ ጋር ፊልም አያለሁ» የሚለው ግን መያዣ አለው። ሕጋችን አጭር ነው። ስልክ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ የእኔም ጭምር። ፊልም በየተራ እንመርጣለን። ጥያቄ ያለው ሰው «አቁሙልኝ» ማለት ይችላል። ፊልሙ ሳያልቅ ማንም ተነስቶ አይሄድም።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ። የገዛሁት በአንድ እጅ የምትያዝ፣ በአምፖል ፋንታ ኤልኢዲ በሚባለው መብራት የምትሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ነው። የአምራቹን ስም አልጠቅስም። ገበያው ላይ ካሉት ትንንሾች ብዙዎቹ ውስጣቸው ተቀራራቢ ነው፣ ስለዚህ ስሙ ብዙም አይጠቅማችሁም። ዋጋም አልጽፍም፤ ይህን እስክታነቡ ይለወጣል። የሚጠቅማችሁ ካርቶኑን ማንበብ መቻል ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «4ኬ» የሚል የከፍተኛ ምስል ጥራት ምልክት ተጽፎ ታገኛላችሁ። ትርጉሙ መሣሪያው የ4ኬ ፋይል ይቀበላል ማለት ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ የሚያወጣው ምስል ሌላ ነው። መጠየቅ ያለባችሁ «ኔቲቭ ሬዞሉሽኑ ስንት ነው?» ብላችሁ ነው፤ መሣሪያው ራሱ የሚያወጣው የምስል ጥራት ማለት ነው፣ በመስመር ብዛት ይቆጠራል። የእኔዋ 720 ነች። ለእኛ ሳሎን ይበቃል። 480 ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፤ ትንንሽ ጽሑፍ በደንብ አይነበብም። ብርሃንም እንደዚሁ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሉመን (የብርሃን መለኪያ ነው) ተጽፎ ከጎኑ «አንሲ» የሚል ቃል ከሌለ ቁጥሩን አትመኑት። አንሲ ሉመን በታወቀ መለኪያ የተለካ ብርሃን ነው። ትንንሾቹ ላይ በሐቅ ሲለካ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ አያልፍም። ስለዚህ በቀን ኳስ ለማየት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ያስቀምጥ። መጋረጃ ዘግቼ ሞክሬዋለሁ፣ ኳሷ አትታይም። እኛን የጠቀመን የአገራችን ፀሐይ ናት፤ አዲስ አበባ ክረምት ከበጋ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጨልሟል። ልጆች ሳይተኙ ፊልም ተጀምሮ ያልቃል።

አቀማመጧን በተመለከተ፣ ከግድግዳው ሦስት ሜትር ያህል ስትርቅ ሁለት ሜትር ግድም ስፋት ያለው ምስል ትሰጣለች። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ላለው ሰው ይህ ልክ ነው። ግድግዳችን ክሬም ቀለም ስለሆነ የሰዉ ፊት ሁሉ ቢጫ መሰለብን፤ ነጭ አንሶላ ወጥረን ተገላገልን። ምስሉ ሲንጋደድ በሪሞት የሚያስተካክል ዘዴ አላት፣ ኪስቶን ይሉታል። በእሱ ብዙ አትመኩ። ምስሉን እየጨመቀ ነው የሚያስተካክለው፣ ጥራቱ ይቀንሳል። ጠረጴዛ ላይ ሁለት መጽሐፍ ደርቦ በልኩ ማስቀመጥ ይሻላል።

መጀመሪያ ያየነው «ፋይንዲንግ ኒሞ»ን ነው፤ ትንሿ ልጄ መርጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ የአኒሜሽን ኩባንያ ሥራ ነው፤ የጠፋ ልጁን ፍለጋ ባሕር የሚያቋርጥ የአንድ ዓሣ አባት ታሪክ። ውኃው፣ ዓሣው፣ ቀለሙ ግድግዳው ላይ ሲፈስ ቤቱ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። በዚህ ፕሮጀክተሯ ሙሉ ምስጋና ይገባታል፤ ደማቅ ቀለም ታሳምራለች። ጨለማ ላይ ግን ትወድቃለች። አባትየው ማርሊን ወደ ጥልቁ ባሕር ወርዶ ያቺን መብራት ያላትን አስፈሪ ዓሣ የሚያገኝበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ጥቁር መሆን ያለበት ሁሉ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ልጄ ግን ግራጫም ሆኖ ፈርታ ጭኔ ላይ ወጣች።

ለወላጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፊልሙ ገና ሲጀመር እናትየው ትሞታለች። ልጄ ወዲያው «አባዬ፣ እናቱስ?» አለችኝ። አቆምነው። ባለቤቴ እቅፍ አድርጋ አስረዳቻት፤ ከዚያ ቀጠልን። ቴሌቪዥኑ በሚበራበት ሰዓት ቢሆን ጥያቄውን ማንም አይሰማውም ነበር።

ማርሊን ልጁ ላይ ምንም ነገር እንዳይደርስ ብሎ ምንም ነገር እንዳያደርግ የሚፈልግ አባት ነው። ይህን ፊልም ሳላገባ አይቼው ስቄበት ነበር። አሁን ማርሊን ይገባኛል። ትልቁ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሱቅ ብቻዬን ልሂድ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ፊልሙ ያለቀ ማግሥት ዳቦ እንዲገዛ ላክሁት። ከበረንዳ ሆኜ ግቢውን ሲያቋርጥ፣ መንገዱ ጋ ቆሞ ግራ ቀኝ ሲያይ፣ ሱቁ ውስጥ ሲገባ ተከታተልኩት። ዳቦውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ተመለሰ። «መልሱን ቆጥሬ ነው የተቀበልኩት» አለኝ።

ሁለተኛው የእኔ ምርጫ ነበር። «ችልድረን ኦቭ ሄቨን» ይባላል፣ የኢራናዊው የማጂድ ማጂዲ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. የ1997 ፊልም ነው። ለኦስካር ከታጩት የውጭ አገር ፊልሞች አንዱ ነበር። አንድ ወንድም የእህቱን ጫማ ይጥልባታል። ቤት ገንዘብ የለም። ስለዚህ በእሱ አንድ ጫማ እየተፈራረቁ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እሷ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት። ታሪኩ ይኸው ነው። ሰፊ የሆነባት ጫማ ከእግሯ ወልቆ የውኃ መውረጃ ውስጥ ሲገባና ውኃው ይዞት ሲሮጥ፣ ልጆቼ ሁለቱም ተነስተው ቆሙ። ያ ጫማ በሁለት ሜትር አንሶላ ላይ ሲንሳፈፍ በስልክ ከማየት ጋር አይወዳደርም።

የግርጌ ጽሑፉ ተነቧል። ትልቁ ልጄ እንግሊዝኛውን ይሞክራል፤ ለትንሿ እኔ እያነበብኩ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። እኔ ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም ሲታይ አንድ ጎረምሳ ከፊት ቁጭ ብሎ ታሪኩን ጮክ ብሎ ይነግረን ነበር። ያንን ሥራ አሁን እኔ ይዤዋለሁ፤ በጣም ነው የምወደው።

ፊልሙ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምወደው ስለ ስኳር የሆነውን ትዕይንት ነው። አባትየው ከመስጊድ የተሰጠውን ስኳር ቤቱ ቁጭ ብሎ ይፈልጣል። ልጁ ሻይ ታመጣለታለች። ስኳር ሲጠይቃት ፊትህ ያለው ስኳር አይደለም ወይ ትለዋለች። ያ የመስጊዱ ነው፣ የእኛ አይደለም ይላታል። ስኳር ተራራ አክሎ ፊቱ ተከምሮ ሻዩን ለመጠጣት ከቤቱ ስኳር ይጠብቃል። ልጄ «አቁሙልኝ» አለ። «አንድ ብቻ ቢወስድ ማን ያውቅበታል?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። ዝም ብሎ አሰበ፣ አሰበና «እሺ፣ ይቀጥል» አለ። ስለ ታማኝነት አንድ ሰዓት ባወራው ያንን ያህል አያስብበትም ነበር።

ልጁ ለጫማ ብሎ የሚሮጥበት ውድድር ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። እንዲህ ያለ ጊዜ ፕሮጀክተሯ ቀጥ ትላለች፣ ባትሪ የላትም። ባትሪ ያላቸው አሉ፣ ብርሃናቸው ግን የባሰ ደካማ ነው። በአምፖል የሚሠሩት ትልልቆቹ ድንገት ሲጠፉ ሙቀቱ ይጎዳቸዋል፤ ኤልኢዲ ያላት በዚህ በኩል የተሻለ ትችላለች። እኛ ሻማ አበራን። ልጆቹ መጨረሻውን በየራሳቸው ነገሩን። ትንሿ ሁለት ጫማ አሸለመችው፣ አንድ ለእሱ አንድ ለእህቱ። የፊልሙን ትክክለኛ መጨረሻ አልነግራችሁም፤ እኛም ያየነው እሑድ ነው።

የድምፅ ነገር። በውስጧ ያለው ስፒከር ለዜና ይሆን እንደሆነ እንጂ ለፊልም አይሆንም፤ የማራገቢያዋ ጩኸት ይበልጠዋል። ስፒከር በብሉቱዝ ስናገናኝ አፍና ድምፅ ተለያየ። በቀጭን የድምፅ ገመድ ብናያይዘው ተስተካከለ። ገመዱ ርካሽ ነው፣ አብራችሁ ግዙ። ኔትፍሊክስ እከፍትባታለሁ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ፕሮጀክተሮች ፈቃዱ የላቸውም። እኛ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ በሚባለው የምስል ገመድ ነው የምንሰካው።

ሦስተኛው የባለቤቴ ምርጫ «ላምብ» ነው፣ የያሬድ ዘለቀ ፊልም። እ.ኤ.አ. በ2015 ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል በይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። በአማርኛ ስለሆነ እኔም ከአስተርጓሚነት አረፍኩ። ኤፍሬም የሚባል እናቱን በድርቅ ያጣ ልጅ አለ። አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የቀረችው ጩኒ የምትባል በጉ ናት፤ አጎቱ ደግሞ ለበዓል ሊያርዳት አስቧል። ተራሮቹ ግድግዳው ላይ እጅግ አማሩ። የጎጆው ውስጥ ትዕይንቶች ግን ጨለም ስለሚሉ ፊት ለመለየት አስቸገሩን። ይህ የፕሮጀክተሯ እንጂ የፊልሙ ጉድለት አይደለም።

ኤፍሬም ምግብ መሥራት ይችላል። አጎትየው ወንድ ልጅ ማዕድ ቤት ምን ያደርጋል ባይ ነው። ኤፍሬም ግን ሳምቡሳ ሠርቶ ይሸጣል። ልጄ ዞር ብሎ «አባዬ፣ አንተ ሳምቡሳ ትችላለህ?» አለኝ። አልችልም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፊልሙ በፊት ባለቤቴ እያሳየችን ሦስታችንም ምስር ጠቀለልን። የእሱ ከእኔ ይሻል ነበር፤ ጫፉን በዱቄትና ውኃ አጣብቆ ዘይት ውስጥ አንዱም አልተፈታበትም። ያ ልጅ በነጋታው ለአያቱ ደውሎ «እማማ፣ ስትመጪ ሳምቡሳ እሠራልሻለሁ» ሲላት ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ፊልም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ የሚያሳያችሁ አበባና ቢራቢሮ ነው፤ በእሱ ሁሉም ያምራል። እናንተ ሌሊት ላይ የሚሆን ትዕይንት ክፈቱ፣ የሱቁን መብራት አስጠፉ፣ የግርጌ ጽሑፉን ከአራቱም ማዕዘን አንብቡ። መሐሉ ጠርቶ ጠርዙ ከደበዘዘ ሌላ ፍሬ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ። ሌንሱን ደግሞ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ እያያችሁ አቧራ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። ውስጥ የገባ አቧራ ምስሉ ላይ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ከውጭ ተጠርጎም አይወጣም። የእኛ ሰፈር ግንባታ ስላለ ባለቤቴ ከረጢት ሰፍታላታለች፤ ካየን በኋላ ማራገቢያዋ እስኪቆም ጠብቆ እዚያ ውስጥ መክተት የትልቁ ልጄ ሥራ ነው።