ከዮሐንስ ራእይ በፊት የትኛው ይነበብ፦ ዳንኤል ወይስ ሕዝቅኤል?

ዮሐንስ ከሁለቱም ነቢያት ብዙ ስለሚወስድ፣ ራእይን ለማጥናት የተነሣ ሰው በየትኛው ልጀምር ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ርዝመት፦ ዳንኤል 12 ምዕራፍ ብቻ ነው። ሕዝቅኤል 48 ምዕራፍ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ትስስር፦ ዳንኤል የመንግሥታትን ነገር ያስረዳል። በምዕራፍ 7 አንበሳ፣ ድብና ነብር የሚመስሉ አራዊት፣ ከእነርሱም በኋላ ዐሥር ቀንዶች ያሉት አራተኛ አውሬ ከባሕር ይወጣሉ፤ በራእይ 13 ግን ነብር የሚመስል፣ የድብ እግርና የአንበሳ አፍ ያለው፣ ዐሥር ቀንዶችም የተሸከመ አንድ አውሬ ይወጣል፤ ዮሐንስ አራቱን በአንድ አካል ሰብስቧቸዋል። ሕዝቅኤል ደግሞ፣ በእኔ እምነት ከሚገባው በታች የሚነበብ ነቢይ ነው፣ የራእይን ሥዕሎች በብዛት ይዟል፦ አራቱ እንስሶች፣ የሚበላው መጽሐፍ፣ በግንባር ላይ የሚደረገው ምልክት፣ በእግዚአብሔር ሕዝብ ላይ የሚነሡት ጠላቶች ጎግና ማጎግ። ልዩነቱም ያስተምራል፤ ሕዝቅኤል ከምዕራፍ 40 ጀምሮ መቅደሱ በዘንግ ሲለካ፣ ኋላም ውኃ ከመቅደሱ ሲፈስስ ያያል፤ ዮሐንስ ግን በከተማይቱ መቅደስ አላየም፣ የሕይወት ውኃ ወንዝም የሚወጣው ከእግዚአብሔርና ከበጉ ዙፋን ነው።

አደጋ፦ የዳንኤል ቁጥሮች ቀን ወደ መቁረጥ ይስባሉ። በአሜሪካ የሰባኪው የዊልያም ሚለር ተከታዮች ከዳንኤል 8፥14 ተነሥተው ጌታን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ጠብቀው እጅግ አዝነዋል። በሕዝቅኤል በኩል ያለው ፈተና ጎግን ከዘመኑ አገሮች በአንዱ ስም መጥራት ነው።

ጊዜው አጭር ለሆነና የአውሬውን ምሥጢር ለሚመረምር ዳንኤል ይቀድማል፤ ዙፋኑን፣ ፍርዱንና አዲሲቱን ኢየሩሳሌም ለማስተዋል ለሚሻ፣ ወራት ቢፈጅበትም፣ ሕዝቅኤል ይሻለዋል።