ኦርቪየቶ ላይ የጾም ፓስታ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ፓስታው አሪፍ፣ አስተናጋጁ ዘገምተኛ፣ ጣፋጩ ይቅርባችሁ።

ቤቱ ጣሊያን ውስጥ ካለችው ከኦርቪየቶ ከተማ ካቴድራል ጀርባ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ያለ ትራቶሪያ (ቀለል ያለ ምግብ ቤት) ነው። ቢበዛ ዘጠኝ ጠረጴዛ ቢኖረው ነው። ከሮም በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። ከተማዋ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ አለት አናት ላይ ስለሆነ ከጣቢያው በገመድ የሚጎተት ባቡር ያወጣችኋል።

ከምሳ በፊት የቅዱስ ፓትሪክን ጉድጓድ ውረዱ። እ.ኤ.አ. በ1527 ሮም ስትዘረፍ ሸሽተው እዚህ የተጠለሉት የሮማው ጳጳስ ክሌመንት 7ኛ፣ ከተማዋ ብትከበብ ውሃ እንዳይቸግር ብለው ያስቆፈሩት ነው። የሚወርደው በቅሎ ከሚወጣው ጋር እንዳይጋጠም ጠመዝማዛው ደረጃ ሁለት ነው። 248 ደረጃ ቁልቁል፣ 248 ደረጃ ሽቅብ። ከዚያ በኋላ የማይጣፍጥ ምግብ የለም፤ ስለዚህ ከማመሰግነው ላይ ትንሽ ቀንሱልኝ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ጣሊያን አገር ጾመኛ ምን ይበላል ለምትሉ፣ ኡምብሪኬሊ አለላችሁ። የአካባቢው ፓስታ ነው። በእጅ እየተድቦለቦለ ይሠራል፣ ከስፓጌቲ በብዙ ይወፍራል። የሚቦካው በዱቄትና በውሃ ነው። እንቁላል እንደሌለው አስተናጋጁን ጠይቄ አረጋገጥኩ፤ ፎርማጆ እንዳይነሰንስበትም አደራ አልኩት። በአራቢያታ ስጎ አዘዝኩ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና በርበሬ ነው። እነሱ ያቃጥላል ይላሉ፤ ሚጥሚጣ ያደገበት ምላስ ግን ለብ ብሎት ያልፋል። ፓስታው ሲታኘክ ጠንከር ይላል፣ ስጎውም ላዩ ላይ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። 11 ዩሮ፣ ሳህን ሙሉ።

ዳቦው ጨው የለውም። ረስተውት እንዳይመስላችሁ፤ ኦርቪየቶ ያለችበት የኡምብሪያ ክልል ዳቦ እንዲህ ነው። ለብቻው ሲበላ ምንም አይል። የተረፈውን ስጎ ሲጠርጉበት ግን ሥራው ይገባል።

የማትጾመው ጓደኛዬ ያንኑ ፓስታ በትሩፍል አዘዘች፤ ከመሬት ሥር ተቆፍሮ የሚወጣው ውድ እንጉዳይ ነው። 17 ዩሮ ከፍላ እንጉዳዩን በመነጽር መፈለግ ነበረባት። ምግብ ዝርዝሩ ላይ የዱር አሳማም አለ፤ እሱ ለኛ አይሆንም። እርግብም አለ። ከከተማዋ ሥር በተፈለፈሉት ዋሻዎች ግድግዳው ሙሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፤ እርግብ ለምግብ ሲያረቡበት የኖሩት ነው። ዋሻውን ካየሁ በኋላ የእርግቡ ነገር ገባኝ፣ አልጓጓሁም እንጂ።

ጣፋጩ፣ ቲራሚሱው፣ ከፍሪጅ እንደወጣ ነው የመጣው። ጓደኛዬ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ገፋችው። ሂሳብ ደግሞ ካልጠየቃችሁ አይመጣም፤ እኛ ጠይቀንም ቆየ። ሲመጣ ኮፐርቶ የሚል መስመር ታያላችሁ፣ ለመቀመጫውና ለዳቦው በሰው 2.50 ዩሮ። በጣሊያን የተለመደ ስለሆነ አትጨቃጨቁ።

እስከ 9 ሰዓት ለምትጾሙ መጥፎ ዜና አለኝ። ወጥ ቤቱ 8፡30 ላይ ይዘጋል፣ እስከ ምሽቱ 1፡30 አይከፈትም። እናንተ ለእራት ኑ። ቡናውን እዚያ አትጠጡ፤ ወደ ዋናው መንገድ ወደ ኮርሶ ካቩር ወጥታችሁ አንዱ ባንኮኒ ላይ ቆማችሁ ጠጡ። ከመቀመጡ ይረክሳል።