አራት ቅዳሜ በአራት ኪሎ፦ ስለ ስብዕና መታወክ የወሰድኩት ሥልጠና

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ በተደጋጋሚ በመደባደቡ ጉዳዩ በመምህራን ስብሰባ ላይ ሲነሣ፣ አንድ ባልደረባችን «ይህ ልጅ እኮ ሳይኮፓት ነው» አለ። ማንም አልተቃወመውም፤ እኔም ዝም አልኩ። የሒሳብ መምህር እንደመሆኔ ትርጉሙ ባልተበየነ ቃል ላይ መስማማቴ ለብዙ ቀናት ሲከነክነኝ ሰነበተ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የሥነ ልቦና ምክር ማዕከል ስለ ስብዕና መታወክ (ሥር ስለ ሰደደና ኑሮን ስለሚያውክ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሁኔታ) ዓይነቶች የአራት ቅዳሜ ሥልጠና እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ባየሁ ጊዜ የተመዘገብኩት በዚህ ምክንያት ነው። ክፍያው 2,400 ብር ነበር፤ ለመምህር ደመወዝ ቀላል አይደለም።

ለሃያ ሰው በተዘጋጀች ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ሆነን ተጣብቀን ተቀመጥን። ነርሶች፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች፣ ሁለት ዲያቆናት፣ እንዲሁም ሳይሸሽጉ እንደተናገሩት የቀድሞ ባላቸው «ናርሲሲስት» (ራሱን ከሰው ሁሉ በላይ የሚያይ) መሆኑን ለማረጋገጥ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። አሠልጣኟ ገና ከመጀመራቸው አንድ ደንብ አወጡ፤ በክፍሉ ውስጥ የሌለ ሰው በስሙም ሆነ በዝምድናው ተጠቅሶ ምርመራ አይደረግበትም። ደንቡን መጀመሪያ የጣስኩት ግን እኚያ እናት ሳይሆኑ እኔ ነኝ፤ ስለ ተማሪያችን ጠየቅኩ። የአሠልጣኟ መልስ አጭር ነበር፦ «ሳይኮፓት» የሚባል ምርመራ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት የምርመራ መመሪያ ውስጥ የለም፤ ለቃሉ የሚቀርበው ጸረ ማኅበራዊ የስብዕና መታወክ (የሌሎችን መብት መጣስ ልማድ የሚሆንበት) ደግሞ ዕድሜው አሥራ ስምንት ላልሞላ ሰው አይሰጥም፤ ለሞላውም ቢሆን ከአሥራ አምስት ዓመቱ በፊት የጀመረ የባሕርይ ችግር መኖሩ መረጋገጥ አለበት። በዚህች አንዲት መልስ ብቻ የከፈልኩት ገንዘብ ግማሹ ተመልሶልኛል ማለት እችላለሁ።

ሥልጠናው የተመሠረተው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ላይ ሲሆን፣ መመሪያው አሥር ዓይነቶችን በሦስት ምድብ ይከፍላል። በመጀመሪያው ምድብ ለሌላው ሰው እንግዳ የሚመስሉት፣ ማለትም ሥር የሰደደ ጥርጣሬ የሚታይበት ፓራኖይድ፣ ከሰው መቀራረብን የማይሻው ስኪዞይድ፣ እንዲሁም አስተሳሰቡም አነጋገሩም ያልተለመደው ስኪዞታይፓል ይገኛሉ። ስሜት የሚያይልበትና ለመተንበይ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ምድብ ጸረ ማኅበራዊውን፣ ስሜቱም ግንኙነቱም የማይረጋውን ቦርደርላይንን፣ የሰውን ትኩረት አብዝቶ የሚሻውን ሂስትሪዮኒክንና ናርሲሲስቲክን ይይዛል። በሦስተኛው ደግሞ ሥጋት የሚያመዝንባቸው፣ ማለትም ነቀፌታን ፈርቶ ከሰው የሚሸሸው፣ ሌላ ሰው ካልወሰነለት መኖር የሚጨንቀው ጥገኛውና ሥርዓትና ፍጹምነት የሚገዙት ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ተመድበዋል። የመጨረሻው ተመሳሳይ ስም ካለው ሌላ የአእምሮ ሕመም ጋር ሁልጊዜ ይምታታል፤ እጁን ደጋግሞ የሚታጠበው ሕመምተኛ ሐሳቡ ሳይፈልገው እየመጣ እንደሚያስጨንቀው አብዛኛውን ጊዜ ሲያውቅ፣ የስብዕና መታወክ ያለበት ግን የእሱ አሠራር ትክክል፣ ሌላው ሰው ግን ዝርክርክ እንደሆነ ያምናል። (የተማሪዎቼን ደብተር ኅዳግ በማስመሪያ የምለካ ሰው በመሆኔ እዚህ ላይ ጥቂት ተቁነጥንጫለሁ።)

ከአራቱ ቀናት የላቀው ሁለተኛው ነበር። ቦርደርላይን ለሚባለው መታወክ መመሪያው ዘጠኝ ምልክቶችን ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም መካከል ብቻዬን እቀራለሁ የሚል ብርቱ ፍርሃት፣ ዛሬ የሚያመልኩትን ሰው ነገ መጥላት፣ ራስን መጉዳትና ዘላቂ የባዶነት ስሜት ይገኙበታል። ለምርመራው አምስቱ ይበቃሉ። አሠልጣኟ ይህን ተናግረው ሊያልፉ ሲሉ እኔ በደብተሬ ላይ ቆጠራውን ጀምሬ ነበር፤ ከዘጠኝ ነገሮች አምስትና ከዚያ በላይ የሚመረጥባቸው መንገዶች 256 ናቸው፤ አንድ ዓይነት ስም የተሰጣቸው ሁለት ሰዎችም በአንድ ምልክት ብቻ ሊገናኙ ይችላሉ። ስሌቱን ሳሳያቸው አልተከፉም፤ ይልቁንም ነጭ ሰሌዳው ላይ እንድሠራው ጋበዙኝና የቀረውን ሰዓት በሙሉ በዚሁ ጉዳይ ላይ አዋሉት። ምድቦቹ በተፈጥሮ ላይ የተሰመሩ ድንበሮች ሳይሆኑ ሐኪሞች ለመግባባት የተስማሙባቸው መስመሮች መሆናቸውን ያን ያህል ግልጽ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ስለ ሕክምናውም ያስረዱት አጥጋቢ ነው፤ ለቦርደርላይን ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት በአሜሪካ እንኳ እንደሌለ፣ ዋናው ሕክምና ንግግር መሆኑን፣ ስሜትን መግራት የሚያሠለጥነውን ዘዴ የቀረጹት ማርሻ ሊነሃን እ.ኤ.አ. በ2011 እሳቸውም በወጣትነታቸው ሆስፒታል ተኝተው እንደነበር በይፋ መናገራቸውን፣ ለዓመታት ክትትል ከተደረገላቸው ታካሚዎችም አብዛኞቹ እንደተሻላቸው በእርጋታ ነገሩን። እኚያ እናት በዚህ ጊዜ ማስታወሻ መያዝ ማቆማቸውን አስተውያለሁ።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከሦስተኛው ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ እነዚህን አሥር ስሞች በአብዛኛው ትቷቸዋል፤ ሐኪሙ በቅድሚያ መታወኩ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆኑን ይለካል፤ ከዚያም ጎልተው የሚታዩትን የባሕርይ ዝንባሌዎች ይጨምርበታል፤ ከቀድሞዎቹ ስሞች መካከል እንደ ተጨማሪ መግለጫ የቀረው ቦርደርላይን ብቻ ነው። ሰሌዳው ላይ የሠራነው ስሌት በቀጥታ ወደዚህ ይወስድ ነበር። ሆኖም የታደለን የተባዛ ጽሑፍ ይህን ለውጥ በአንድ መስመር እንኳ አያነሣውም፤ ስጠይቅም «ለሌላ ዙር ይቆየን» ተባልኩ። ስለ ዓይነቶች ለማስተማር በተዘጋጀ ሥልጠና ውስጥ ዓይነቶቹ ራሳቸው ተጠይቀው መልሱ ከተቀየረ በኋላ አሮጌውን ዝርዝር ብቻ ማደል ተገቢ አይመስለኝም።

ከዚህ የሚብሰው የባህሉ ጥያቄ ነው። መመሪያው ራሱ የስብዕና መታወክን ሲበይን፣ ሰውየው ካደገበት ባህል ከሚጠበቀው እጅግ የራቀና ለረጅም ጊዜ የጸና ሁኔታ ነው ይላል፤ ስለዚህ መለኪያው እዚሁ እኛው ዘንድ ያለ ነው። ይሉኝታ ይዞት እምቢ ማለት የሚያቅተው ጎልማሳ፣ ወይም እስክታገባ ድረስ ከወላጆቿ ቤት የማትወጣና ያለ አባቷ ምክር ሥራ የማትቀይር ወጣት በተባዛው መጠይቅ ላይ «ጥገኛ» ሆነው ሊወጡ ይችላሉ፤ በቤታቸውና በሰፈራቸው ግን ጨዋ ተብለው ይመሰገናሉ። ከዲያቆናቱ አንዱ ይህንኑ በጥሩ ምሳሌ አንሥቶ ነበር፤ የቀረው ጊዜ አሥር ደቂቃ ብቻ በመሆኑ ውይይቱ ተቆረጠ። በየሳምንቱ አርባ ደቂቃ ዘግይተን ባንጀምር ኖሮ ለዚህ የሚበቃ ጊዜ ይተርፍ ነበር።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሣ። በፕሮጀክተር የሚታየው ጽሑፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የአሠልጣኟ አማርኛ ያማረ ሆኖ ሳለ ያን በወረቀት አለማስፈራቸው ያሳዝናል። የምስክር ወረቀቱ ደግሞ «በስብዕና መታወክ ምርመራ ሠልጥኗል» ይላል፤ የአራት ቅዳሜ ትምህርት ማንንም መርማሪ ስለማያደርግ፣ «ምርመራ» የሚለው ቃል እንዲወጣ ለጽሕፈት ቤቱ አመልክቼ የእኔን ሳልቀበል መጥቻለሁ።

እንዲህም ሆኖ ለመምህራንና ለነርሶች ተመዝገቡ እላለሁ፤ የአንድ ዘመዳቸውን ስም ይዘው ለሚመጡ ግን ገንዘባቸውን ለራሳቸው የምክር ቀጠሮ ቢያውሉት ይሻላቸዋል። ሊፍቱ እኔ በነበርኩባቸው አራት ቅዳሜዎች አንድም ቀን አልሠራም፤ የታክሲ ረዳቶች ጥሪም በመስኮት ስለሚገባ ከፊተኛው ረድፍ ቦታ መያዝ ይበጃል።