የአያቴን ብሮች ላነበቡልኝ አንጥረኛ

አያቴ ካረፈች በኋላ ከሣጥኗ ሥር በነጠላ ቁራጭ የተቋጠሩ አሥራ አንድ የድሮ ገንዘቦች አገኘን፤ ሰባት ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የብር ገንዘብ)፣ ሁለት የምኒልክ ብርና ጠርዛቸው እንደ አበባ የተሞረሞረ ሁለት ባለ ሃያ አምስት ሳንቲም። አንድ የድሮ ዕቃ ገዢ አንደኛውን የምኒልክ ብር አገላብጦ አየና «ተሰንጥቋል፤ በብርነቱ ተመዝኖ ካልሆነ አይሸጥም» አለኝ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ በሁለተኛው ላይ ፊደሎቹ ድርብ መስለው ስላያቸው «ይህ በስህተት የተመታ ነው፤ ውጭ አገር ብዙ ያወጣል» ብሎ ልባችንን ሰቀለው። ሁለቱም ተሳስተው ነበር።

ይህን ያወቅኩት ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚሠሩ አረጋዊ አንጥረኛ ዘንድ ከሄድኩ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈውም እርሳቸውን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለለመኑኝ አባባ ልበላቸው።

አባባ ገና ሳይመረምሩ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ «እኔ የማየውን አልገዛም፤ ለመግዛት ካሰብኩማ ዓይኔ ያደላል»። ከዚያ እያንዳንዱን መዘኑ። የምኒልክ ብር በፓሪስ ሲመታ ከማርትሬዛ ጋር እንዲስተካከል ታስቦ ስለነበር ሁለቱም ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋሉ፤ የእኛዎቹ ትንሽ ጎድለው ተገኙ። «ይህ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያለቀው ነው» አሉ።

«ተሰንጥቋል» የተባለውን ብር በአጉሊ መነጽር ሥር አድርገው ከአንበሳው ዘውድ ተነሥቶ እስከ ጠርዙ የሚሄደውን ቀጭን መስመር አሳዩኝ። «ጥፍርሽን አሳልፊበት። ወጣ ያለ ነው ወይስ የገባ?» አሉኝ። ወጣ ያለ ነበር። የተሰነጠቀው ብሩ ሳይሆን ብሩን የመታው የብረት ማኅተም ነው፤ ብሩ በኃይል ሲመታ ወደ ማኅተሙ ስንጥቅ ገብቶ በዚያው እንደ ጅማት አብጦ ቀረ። ቀጥለው በንጉሡ ጉንጭ ላይ ያለውን ጭረት አስነኩኝ። እርሱ ገብቷል፣ ግራና ቀኙም የተገፋ ብር እንደ ማሳ ድንበር ከፍ ብሏል። የመጀመሪያው ብሩ ሲመታ አብሮት የተወለደ ነው፤ ሁለተኛው ምስማር ወይም ቢላዋ በኋላ ያመጣው ጉዳት ነው። ይህን ልዩነት በጣቴ ከዳሰስኩ ወዲህ የድሮ ሳንቲም የማይበት ዓይኔ ተለውጧል።

ድርብ ፊደል የተባለው ግን ተስፋ የሚጣልበት አልነበረም። ማኅተሙ ራሱ ሲቀረጽ ተደርቦ ከሆነ ሁለቱም ፊደሎች ሙሉ ቁመትና ክብ ትከሻ ይኖራቸዋል፣ ማዕዘናቸውም ለሁለት ይከፈላል። የእኛው ላይ ያለው ሁለተኛ መስመር ከፊደሉ ጎን እንደ ዝቅተኛ ደረጃ የተደፈጠጠ ነው፤ ማኅተሙ ከመታ በኋላ ትንሽ ተንሸራቶ የላጨው። ለዚህ ማንም ተጨማሪ ገንዘብ አይከፍልም።

ሃያ አምስት ሳንቲሞቹን በተመለከተ እኔም ሰው የቆራረጣቸው መስሎኝ ነበር። የ1936 ዓ.ም. ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ የወጣው ክብ ሆኖ ነው። መዳብ ቢሆንም በመጠኑ ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ ሰዎች ብር እየቀቡ እንደ ሃምሳ ያሳልፉት ጀመር፤ በዚህ ምክንያት ጠርዙ ተሞረሞረ። ሣጥናችሁ ውስጥ ክብ የሆነ ካለ፣ ደህና አድርጋችሁ ያዙት።

አባባ ድርብ ፊደል ያለውን ብር መልሰው አነሡና ከንጉሡ ዘውድ በላይ ጠርዙን በመብራት አዘንብለው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። የስንዴ ፍሬ የምታህል ቦታ ለስልሳለች፣ ቀለሟም ወደ ቢጫ ያደላል፤ ጥቃቅን የሞረድ ጭረቶቿ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። «እዚህ ጋ ማንጠልጠያ ተበይዶ ነበር፤ በኋላ ተነሥቶ ተሞርዷል። ዋጋውን ይቀንሰዋል ልጄ፣ ልደብቅሽ አልችልም» አሉ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ብሩን ከእጄ ወሰደችው። ታናሽ ወንድሟ ጡት ሲጠባ እየጎተተ የሚጫወትበት፣ ከአያቴ አንገት የማይወርድ ብር ነበር። ሁላችንም ረስተነው ነበር። ያ ብር አይሸጥም።

አባባ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ የተቀበሉኝ 300 ብር ብቻ ነው፤ ጨምሬ ስሰጣቸው መለሱልኝ። የድሮ ገንዘብ ያላችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ለእርሳቸው አሳዩ፤ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ ቦታውን አሳያለሁ። ጠዋት ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ የመስኮቱ ብርሃን ስለሚሸሽ አይመረምሩም። በሎሚም ሆነ በአመድ እንዳታጥቧቸው፤ ጊዜ ያለበሳቸው ጥቁረት አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፣ አባባም የሚያዝኑት በዚህ ነው። እንደተቋጠሩ ውሰዱላቸው።